የአጎቴ የኩሽና ወለል

አጎቴ ቶሪቢዮ ሾርባ ሲጠጣ አጠገቡ አትቀመጡ። እኔ፣ ያድር የሚባለው የእህቱ ልጅ፣ አስራ ሦስት አመት አጠገቡ ስለተቀመጥኩ ሸሚዜን ያየ ሰው ሁሉ ቤታችን ምን እንደተበላ ያውቃል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ማንኪያው ከሳህኑ ሲነሳ ሙሉ ነው፤ አፉ ጋ ሲደርስ ግማሹ እኔ ላይ ነው። ልጁ ዮርሌኒ ልትይዝለት እጇን ስትዘረጋ ያፈጥጥባታል።

«ተይ! ይሄ እጅ አርባ አመት ድንጋይ ፈልጧል። አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ይጨፍርበት።»

እኛ ሰፈር፣ ሙራ ወንዝ ዳር፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ በሽታ ነው የሚል የለም፤ ሙያ ነው። ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ ሲጫወቱ ጠረጴዛው ላይ በረዶ የሚዘንብ ነው የሚመስለው። ሁሉም ወርቅ ቆፋሪ ነበሩ። ድንጋዩን ከተራራው ሆድ ያወጡና ወፍጮ ውስጥ ይከቱታል። ወፍጮ ማለት ክብ ገንዳ ነው፤ ትልልቅ ቋጥኞች በሰንሰለት ታስረው ውስጡ እየተጎተቱ ድንጋዩን ዱቄት ያረጉታል። ከዛ ባዜቃ ይጨመራል። ጤና ጣቢያ ያሉት ሜርኩሪ ነው የሚሉት። ያ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ በጣት አልያዝም የሚል ነገር። ወርቅ ካየ ይጣበቅና አይለቅም። በጨርቅ ሲጨመቅ ነጭ ኳስ ይወጣል። ኳሱን ቤት ይዞ መጥቶ፣ በር ዘግቶ፣ ኩሽና ምድጃ ላይ ማቃጠል ነው። ለምን ኩሽና? ውጭ ከተቃጠለ ሰው ያያል፣ ሰው ካየ ዘመድ ይበዛል።

ባዜቃው በጭስ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። የት ነው የሚሄደው ብላችሁ አጎቴን ብትጠይቁት ባርኔጣውን ወደ ላይ ገፋ አርጎ «ወደ ሰማይ» ይላችኋል። «ከዛ ነፋስ ወደ ባህር ይወስደዋል። አሳ ነባሪ ይጨነቅበት።»

አሁን ማንም አይቆፍርም። ዋሻው ተደርምሶ፣ ወፍጮዎቹ ቆመው፣ ገንዳዎቹ ውስጥ የጓቫ ዛፍ በቅሎባቸዋል። ከወፍጮዎቹ ትንሽ ወረድ ብሎ ወንዙ የሚያርፍበት ጥልቅ ቦታ አለ፤ የሀገሩ ወፍራም ጓፖቴ አሳ እዛ ነው ያለው። አሳው ሲወፍር ሁላችንም ደስ ይለን ነበር። ሲስተር ማርቤሊ መቀስ ይዛ እስክትመጣ ድረስ።

ሲስተር ማርቤሊ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። አጭር ናት፣ ስትናደድ ግን ረጅም ናት። በየካቲት ቤት ለቤት እየዞረች ከሴቶቹ ማጅራት ትንሽ ትንሽ ጸጉር ቆረጠችና በፖስታ ወደ ከተማ ላከች። እኔም አንገቴን ዘርግቼ «እኔንስ ሲስተር? ሙሉውን ቁረጪኝ፣ ቅዳሜ ዳንስ አለብኝ» ብላት በመቀሱ እጀታ ጭንቅላቴን አለችኝ።

ውጤቱ የመጣው በሰሙነ ሕማማት ነው። አስቡት፤ መላው የቾንታሌስ አውራጃችን ስጋ በማይቀምስበት፣ ሁሉም ድስት ላይ አሳ በተጣደበት ሳምንት! ዮርሌኒ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አምና አንድ ጽንስ ወርዶባታል፤ ባሏ ኮስታሪካ ቡና ለቀማ ሄዶ ገና አልተመለሰም። ያን ቀን እሷም የጓፖቴ ሾርባ እያማሰለች ነበር። ሲስተር ማርቤሊ ገባች፣ ድስቱን አየች፣ አንስታ ወጣችና ጓሮ ሄዳ ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። ሰላም እንኳን አላለችም።

አጎቴ ባዶ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። «ሲስተር፣ ከኔ ጋር ጸብ ካለሽ ሾርባው ምን አደረገሽ?»

«ዶን ቶሪቢዮ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ብዙ ባዜቃ የተገኘው ልጅዎ ጸጉር ውስጥ ነው። አንደኛ፣ አሳው ባዜቃ በልቷል፤ ከዛ ከታችኛው ውሃ አሳ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ሁለተኛ ይሄ ቤት። ስንት አመት ነው እዚህ ምድጃ ላይ ያቃጠሉት?»

«ሰላሳ አምስት።»

«ታዲያ አልሄደም እኮ! ወለሉ ውስጥ ነው ያለው፣ ቆርቆሮው ላይ ነው ያለው። እሳት በነደደ ቁጥር ይነሳል፣ እሷ ትተነፍሰዋለች፣ ሆዷ ያለውም ይተነፍሰዋል። እዚህ ማደር የለባትም።»

«ሲስተር፣ አንቺ ስንት አመትሽ ነው?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«እኔ ይሄን ጭስ መሳብ የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። ይኸው ቆሜያለሁ።»

ሲስተር ማርቤሊ እጁን አየችው። እኛም አየነው። እሱ ግን ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተው፤ ኪሱ ውስጥም ሱሪው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲስተር ማርቤሊ ስትሄድ ዮርሌኒን ለብቻዋ ያዝኳት። «ተነሺ፣ ዛሬውኑ እናቴ ጋ ትሄጃለሽ።»

«እሱንስ ማን ያበላዋል? አንተ?»

«እኔ ምን አለብኝ? ሸሚዜ ለምዶታል።»

ሳቀች፤ ከዛ ማልቀስ ጀመረች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «ያድር፣ ሁለተኛ እንደዛ መሆን አልችልም» አለችኝ። «አባዬን ትቼ መሄድም አልችልም። እሱ ከወጣ እወጣለሁ።»

እሱ ደሞ አይወጣም። ሚስቱ የሞተችው እዛ ቤት ነው፣ ቤቱን የሠራው በገዛ ወርቁ ነው። በዛ ላይ የምትሄድበት ቤት የእናቴ ነው። እናቴ የአጎቴ እህት ናት፤ በአንድ አሳማ ምክንያት ስድስት አመት አልተነጋገሩም። አሳማው ራሱ ከሞተ አራት አመቱ ነው። እኔም እናቴ ቤት የማልኖረው የቄሱን በቅሎ ሰማያዊ ቀለም ስለቀባሁ ነው፤ የአስር አመት ልጅ ሳለሁ ወደ አጎቴ ተባረርኩ፣ ከዛ ወዲያ መመለሱን ሁላችንም ረሳነው።

ለጊዜው የአሳውን ነገር በእግሬ ፈታሁት። ከወፍጮዎቹ በላይ፣ ሁለት ሰአት ሽቅብ ተሂዶ፣ ማንም ባዜቃ ያላፈሰሰበት ውሃ አለ። ሲስተር ማርቤሊም ከዛ ያለው ትንንሹ አሳ ምንም አይደለም ብላለች። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ ጣት ጣት የሚያካክሉ አሳዎች አመጣላት ጀመርኩ። አጎቴ አንዱን በጭራው ያነሳና «ይሄ አሳ ነው ወይስ የአሳ ፎቶ?» ይላል። ዮርሌኒ ግን እሾኩን ሳይቀር ትበላዋለች።

ቤቱ ግን እንዳለ ነው። ምድጃው በየቀኑ ይነድዳል። እኔም ማታ ማታ ቆርቆሮው ላይ የተንጠለጠለውን ጥላሸት እያየሁ አስባለሁ። ከትምህርት ቤት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ ማጭበርበር ላይ ግን ጎበዝ ነኝ። አጎቴን ጤና ብትሉት አይሰማም፣ ሞት ብትሉት ይስቃል። ወርቅ ካላችሁት ግን ከእንቅልፉ ይነሳል።

አንድ የወርቅ ፍሬ ነበረችኝ። አምና ከዛው ከላይኛው ውሃ በገበቴ አጥቤ ያገኘኋት፣ ምስር የምታክል። ለሞተር ሳይክል ብዬ በጨርቅ ቋጥሬ ነበር የያዝኳት፤ በሷ ጎማውን እንኳን ባልገዛ መስታወቱን እገዛለሁ ብዬ። አንድ ጠዋት አጎቴ ደጅ ሲቀመጥ ምድጃው ስር አፈሩን ጫር አርጌ ቀበርኳት፣ ትንሽ ጠበቅኩና ጮህኩ።

«አጎቴ! ቶሎ ና! ወለሉ ውስጥ ምን እንዳለ እይ!»

መጣ። ፍሬዋን ከመዳፌ ወሰዳት። አይኑ ጋ አስጠጋት፣ በጥርሱ ነከስ አረጋት፣ መዳፉ ላይ አገላበጣት። ከዛ እኔን አየኝ፤ ረጅም አስተያየት ነው ያየኝ።

«ለካ እንዲህ ያለ ሀብት ላይ ነው የተኛሁት» አለ። «ስንቱን አመት ከጨርቁ ሲንጠባጠብ! ያድር፣ አካፋ አምጣ። ወለሉን ሙሉ እናወጣዋለን።»

ለመዝለል ትንሽ ቀረኝ። «አቧራው ለዮርሌኒ ጥሩ አይደለም። እናቴ ጋ ትቆይ፣ እስክንጨርስ።»

«ትቆይ። የኔን ሰላምታ ግን እንዳታደርስ ንገራት፣ ለእህቴ አይገባትም።»

እስክንጨርስ ብቻ ነው ብዬ አባብዬ ዮርሌኒን በዛው ቀን እናቴ ጋ አደረስኳት። በልቤ፣ ወለሉን አውጥተን ከተራራው ንጹህ ሸክላ እናለብሳለን፣ ቆርቆሮውንም በሆነ ውሸት አስወርደዋለሁ፣ እያልኩ ነበር። እንዲህ ተንኮለኛ ሆኜ እንዴት ሀብታም አልሆንኩም ብዬ ተገረምኩ።

ከዛ ቁፋሮ። አጎቴ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ውሃ ርጭበት መጀመሪያ፣ አቧራው እንዳይነሳ። እ... አሁን ቆፍር። ቀጥ ብለህ! አካፋ ነው የያዝከው ጊታር አይደለም። ጠለቅ፣ ጠለቅ! ወርቅ ከባድ ነው፣ ወደ ታች ነው የሚሄደው።»

አፈሩን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ በሩ አጠገብ ደረደርኩ። በሁለተኛው ቀን መዳፌ ውሃ ቋጠረ። «አጎቴ፣ ይበቃል፣ ጉልበቴ ድረስ ነው የገባሁት» ስለው «ትንሽ ነው የቀረህ፣ አንድ ስንዝር ጨምር» ይላል፤ ስንዝሩን ስጨርስ ሌላ ስንዝር ይጨምራል። ቦሎቄና ሩዙን ራሱ እየሠራ ሰጠኝ። ግማሹን በየመንገዱ ስለሚያንጠባጥበው ዶሮዎቹ ሳህኑን ነው የሚከተሉት። ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እኔም ዝም ብዬ ቆፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን አሮጌ ገበቴውን ከግድግዳው አወረደ።

«እስቲ ከምድጃው ስር ያለውን ልጠብ» አለ፣ «አንተ ተቀመጥ።»

የአጎቴን እጅ ገበቴ ላይ ያላየ ምንም አላየም። ማንኪያ ላይ የሚያዋርደው መንቀጥቀጥ ገበቴ ላይ ሙያ ይሆናል። ውሃውና አፈሩ ከእጁ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ቀላሉ በጠርዙ ወደ ባልዲው ይፈሳል፣ ከባዱ ወደ ታች ይሰምጣል። አፈሩ አነሰ፣ አነሰ፣ ጥቁር አሸዋ ብቻ ቀረ። አጎቴ ገበቴውን ዘንበል አረገው።

ቢጫ ነገር አልነበረም። ነጭ ነበር። ከአሸዋው ስር አንዲት ጠብታ ወጣች፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ እየተሯሯጡ ሄደው ተዋሃዱና ቦሎቄ የምታክል አንድ ባዜቃ ሆኑ። ፀሐይ መታት። አበራች።

«ከምድጃው ስር ስለሆነ ነው፣ ፈሶብን ይሆናል» አልኩ እኔ፣ ለማጽናናት ይመስል።

«ከዛ ጥግ አምጣ» አለኝ አጎቴ። «መስኮቱ ስር።»

ከመስኮቱ ስር የወጣውን ከረጢት አመጣሁ። እዛ ማንም አቃጥሎ አያውቅም። አጠበ። ጠብታዎቹ ያነሱ ነበሩ፣ የጎመን ዘር ያካክላሉ፤ ነገር ግን ብዙ ናቸው፣ ከምድጃው በአራት እርምጃ ርቀት። አጎቴ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። ከዛ መስኮቱ ስር ያለውን ቦታ አየ። ቆርቆሮው እዛ ጋ ነው ዝቅ የሚለው። ጭሱ እዛ ሄዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተመልሶ ሲንጠባጠብ ነው የኖረው።

«ዮርሌኒ መዳህ የጀመረችው እዛ ጋ ነው» አለ። ድምጹ እንደሌላ ሰው ነበር። «ጀርባዬን ሳዞር አፈር ትበላ ነበር። እናቷ አፏን በጣቷ ትጠርጋለች፣ እኔ እስቃለሁ። 'ተያት፣ ወርቅ ነው የምትበላው' እላለሁ።» ገበቴውን አስቀመጠ። «ወደ ሰማይ ነበር እኮ የሚሄደው፣ ያድር።»

ስራ ለመያዝ ብዬ የታጠበበትን ባልዲ አነሳሁ፣ ወደ ወንዙ ልደፋው። እጁ ሲይዘኝ አጥንቴ ተሰማኝ። አርባ አመት ድንጋይ የፈለጠ እጅ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

«አትድፋ! ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አንድ ጠብታ ወደዛ ውሃ አይወርድም። አስቀምጠው። ክደነው።»

ከደንነው። ከረጢቶቹንም በፕላስቲክ ሸፈንናቸው። ጨርሰን ደጅ ስንቀመጥ አጎቴ ከኪሱ ምስሯን ፍሬ አወጣ።

«ይቺን ከየት አመጣሃት?»

«ከወለሉ ነዋ።»

«አንተ ቀጣፊ! ከእሳት የወጣ ወርቅ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ይቺ ውሃ ያሻሻት፣ ለስላሳ የወንዝ ወርቅ ናት። ገና ሳያት ነው ያወቅኩት። ሰላሳ አምስት አመት ወርቅ ያቃጠለን ሰው በምስር ልታጭበረብር!»

አፌ ተከፈተ። «ታዲያ... ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምንድነው ያስቆፈርከኝ?»

«አካፋ ይዘህ አይቼህ ስለማላውቅ ነዋ። እስክትናዘዝ ድረስ አስቆፍረዋለሁ አልኩ። ተራራው እስኪያልቅ ባትናዘዝ ኖሮ ቻይና እንደርስ ነበር።» ትንሽ ሳቀ፤ ከዛ ሳቁ ቆመ። «ሳትቀጥፍብኝ ግን አልቆፍርም ነበር። ካልቆፈርኩ ደሞ አላይም ነበር።»

ተነሳ። ባርኔጣውን አደረገ። ባዜቃውን ክዳን ባለው ማሰሮ አድርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። እኔ ከኋላው። ሲስተር ማርቤሊ ስታየን መጀመሪያ ጮኸች፦ ማን ቆፍሩ አላችሁ፣ ያለ ጭምብል፣ ያለ ጓንት፣ አህያ ሁሉ! አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ እስክትጨርስ ጠበቃት። አጎቴ ለቄስም ባርኔጣ አያወልቅም።

«ሲስተር» አላት፣ «ልጁ ደህና ይወለዳል?»

ጩኸቷ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ወንበር ሳበችለት። «ዶን ቶሪቢዮ፣ ውሸት አልነግርዎትም፣ አላውቅም። ዛሬ ከዛ ቤት ከራቀች፣ ከዛ አሳ ከራቀች፣ ጸጉሯ ውስጥ ያለው እየቀነሰ ይሄዳል። እሱን አውቃለሁ።»

«የኔስ እጅ?»

«እጅዎ እንኳን... ጭሱን ከተዉ አይብስም ይሆናል። እንደነበረው ግን አይሆንም።»

«እሱ ይቅር» አለ አጎቴ። «እሱ የራሱን ወርቅ በልቷል።»

ከዛ በቀጥታ የእናቴ በር። ስድስት አመት ያልረገጠው በር። እናቴ የበቆሎ ቶርቲያ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ወጣች፣ አየችው። እኔ መሀል ቆሜ ስለ አሳማው የሚነሳውን ጦርነት እጠብቃለሁ።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ፣ «ሦስት ተኩል ሰው ነን። አንዱ ሾርባ ያፈሳል፣ አንዱ ዋሾ ነው።»

እናቴ ጣራውን አየች፣ እኔን አየች። «ግማሿ ብቻ ነች ደህና» አለች። «ግቡ።»

ያንን ቤት እኔና አጎቴ ዘጋነው። ቆርቆሮውን አላወረድንም፤ ሲስተር ማርቤሊ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ እንዳትነኩት ብላለች። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ፎቶ አንስተው ሄደዋል፣ ከረጢቶቹን የሚወስድ መኪና እንልካለን ብለዋል። አጎቴ በየጠዋቱ ሄዶ ፕላስቲኩን ያያል፣ ነፋስ ከከፈተው በድንጋይ ይጭነዋል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከማንም ቀድሞ ይሮጣል። ታችኛው ውሃ ጋ ደሞ እኔ ሰሌዳ አቆምኩ። ሰፈራችን ማንበብ የሚችለው ግማሹ ስለሆነ ስዕል ነው የሳልኩት፤ ባርኔጣ ያረገ፣ ሹል አፍንጫ ያለው፣ ክንፉ የሚንቀጠቀጥ ጓፖቴ። ሰው ሁሉ እያየ ይስቃል፣ ግን መንጠቆውን አይጥልም። አጎቴ ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ «አፍንጫዬ እንዲህ አይደለም» አለኝ።

ልጅቷ በመስከረም ተወለደች። ጮክ ብላ ነው የመጣችው። ሲስተር ማርቤሊ ጣቶቿን ቆጠረች፣ አይኗን አየች፣ ጆሮዋ አጠገብ አጨበጨበች፣ ልጅቷም ደነገጠችና ሁላችንም ደስ አለን። እያደገች ስትሄድ ነው ሙሉ በሙሉ የምናውቀው፣ በየሦስት ወሩ አምጧት አለች። የዮርሌኒ ጸጉር እንደገና ተቆርጦ ተልኮ ነበር፤ ቁጥሩ በግማሽ ወርዷል። አልጠፋም። ወርዷል።

እኛ ጋ ሴት ልጅ ስትወለድ የጆሮ ወርቅ ከአያቷ ነው። አጎቴ ምስሯን ፍሬ ከተማ ወስዶ ባንጥረኛ አስቀጠቀጣት፤ ያለ ባዜቃ፣ በመዶሻ ብቻ። ሁለት ነጥብ የሚያካክሉ ጉትቻዎች ወጡ። የሞተር ሳይክሌ መስታወት እዛ ጆሮ ላይ አለ፣ ፊቴን ባያሳየኝም።

አጎቴ መጀመሪያ ሊያቅፋት እንቢ አለ። እጁን ብብቱ ስር ከቶ ከሩቅ ነው የሚያያት። አንድ ከሰአት ግን እንዲህ ሆነ፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ዮርሌኒ አወዛወዘቻት፣ እናቴ አወዛወዘቻት፣ እኔም ሞከርኩ፣ ተፋችብኝ። ዮርሌኒ ደከማትና ምንም ሳትጠይቀው ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

እጁ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ዝም አለች። አይኗን ወደሱ አዙራ ትንሽ አየችውና ተኛች።

ሌላው ሰው ለማወዛወዝ ይለፋል፤ እሱ ዝም ብሎ መያዝ ብቻ ነው። ሁለት ሰአት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሳም። ሾርባው መጣ፣ እጁ ተይዟል። ዮርሌኒ ማንኪያውን ሞልታ ወደ አፉ አስጠጋችለት። አላፈጠጠባትም። አፉን ከፈተ።

አጠገቡ ነበርኩ። በዛች ቀን ሸሚዜ ላይ ምንም አልነበረም።